ከፓምፑ ላይ የላግኩት ስም

ባለፈው ወር የፓምፕ ፋብሪካው መልእክተኛ በባጃጅ መጥቶ በሬን አንኳኳ። ለጡረተኞች የተላከ ነው ብሎ አንድ ኮፍያ፣ አንድ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያና አንድ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ሰጥቶኝ ሄደ። ኮፍያው ጠበበኝ። መጽሔቱን ግን መነጽሬን ፈልጌ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማንበብ ያዝኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። የጅማ ዝናብ አባራ ሲሉት ተመልሶ ስለሚመጣ ወንበሬን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጌያለሁ።

«የፋብሪካችን ታሪክ» የሚለው ገጽ ላይ ስደርስ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «በምሥረታው ዘመን በፓምፖቹ አካል ላይ ይታይ የነበረው የመሰንጠቅ ችግር፣ የድርጅቱ የቴክኒክ ኮሚቴ ባደረገው ጥናት የላይኛው ገጽ እንዲወፍር በመደረጉ ሊፈታ ችሏል።»

ደግሜ አነበብኩት። ደሜ ፈላ። እኔ ድሮም ንዴታም ነኝ፤ ልጆቼ «እማዬ፣ የደም ግፊትሽን አስቢ» እያሉ ነው የሚውሉት። ይህ ግን ሌላ ነበር። ኮሚቴ! ጥናት! ያ ኮሚቴ የሚሉት አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት አናጺ ነበረች፤ አናጺዋም እኔ ነኝ። ደግሞስ የምን ምሥረታ? ፋብሪካው ተወረሰ እንጂ መች ተመሠረተ?

ፋብሪካ ከመባሉ በፊት ከሄርማታ መርካቶ ጀርባ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ በቆርቆሮ የተከደነ አንድ የብረት ማቅለጫ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ነዚፍ አባ መጫ ይባላሉ፤ የጅሬን ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለግሪኮቹና ለዓረቦቹ ነጋዴዎች የወፍጮ ሞተር እየጠገኑ ነው እጃቸው ብረት የለመደው። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ የውሃ ፓምፕ አካሉ ተሰብሮ መጣላቸው። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ የቡናው ወራት ሊያልፍ ነው። ጋሽ ነዚፍ ስብርባሪውን በጆንያ ይዘው ወደ አባቴ መጡና «ይህን በእንጨት ትሠራልኛለህ?» አሉት።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጅማ የከተመ፣ አልጋና ቁም ሳጥን ሠሪ ነበር። ፓምፕ አይቶ አያውቅም። ስብርባሪውን ገጣጥሞ፣ እየለካ፣ ከዋንዛ ሠራላቸው። እሳቸው የእንጨቱን ሞዴል እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብረው ቅርጹን ካስቀሩ በኋላ እንጨቱን አወጡና፣ ካረጁ ሞተሮች ያቀለጡትን ብረት በቦታው አፈሰሱ። የመጀመሪያው ፓምፕ ውሃ አንጠባጠበ። ሁለተኛውም አንጠባጠበ። ሦስተኛው ውሃውን ከአዌቱ ስቦ ማዶ ያለውን የጎረቤት ጎመን አጠጣ። የጅማ ፓምፕ ታሪክ ይኸው ነው፤ መጽሔቱ ውስጥ አንዲቷም የለችበትም።

ጋሽ ነዚፍ አንድ ልማድ ነበራቸው። ገዢው ራሱ መጥቶ፣ ፓምፑ ወንዙ ዳር ተተክሎ ውሃ ሲረጭ ሳያይ አይሸጡለትም። በመጀመሪያው ውሃ ደግሞ ገዢው እጁን ታጥቦ «ቢስሚላህ» ሳይል መኪና ላይ አይጫንም። የአጋሮ፣ የጌራና የሊሙ ቡና ባለቤቶች ሱሪያቸውን ሰብስበው ወንዝ ዳር እየተገፋፉ ሲስቁ ዛሬም ይታየኛል። ያን ዕለት የጋሽ ነዚፍ ሚስት በትልቅ ሳህን ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ከእርጎና ከሚጥሚጣ ጋር ትልካለች። ሠራተኛውም ገዢውም አብሮ ይበላል። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ግብዣ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ቂጣ የጣመኝ ግን የለም።

ከእያንዳንዱ ፓምፕ የላይኛው ጀርባ ላይ፣ አንድ ጣት ያህል የወፈረ፣ ከመዳፍ ሰፋ ያለ ሰሌዳ ከብረቱ ጋር አብሮ ይወጣ ነበር። በላዩ በጎላ ፊደል «ነዚፍ አባ መጫ፣ ጅማ» የሚል አለበት። ፊደሎቹን ሞዴሉ ላይ የቀረጸው አባቴ ነው። ዓይኑ ሲደክም መሮውና መላጊያው ለእኔ ተረፉ። ከልጅነቴ ጀምሬ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ስላደግኩ ሙያው አልከበደኝም። «ሴት አናጺ!» እያለ የሚስቅብኝ መርካቶ ሙሉ ሰው ነበር። ጋሽ ነዚፍ አንድም ቀን አልሳቁብኝም።

አንድ ነገር ግን እሳቸውም ይከለክሉኝ ነበር። ብረት በሚፈስበት ቀን ሴት ማቅለጫው ጋ አትጠጋም። ከጥንት ጀምሮ የብረት ሠሪዎች ደንብ ነው፤ ሴት ከቆመችበት ብረቱ ይበላሻል ይላሉ። ሞዴሌን ደጃፉ ላይ አስረክባለሁ፣ ደጃፉ ላይ እረከባለሁ። ስለዚህ እንጨቱን እንደ መዳፌ እያወቅኩ፣ ብረቱ አሸዋው ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አንድም ቀን አላየሁም። ያናድደኝ ነበር፤ ግን ደንብ ነውና ዝም አልኩ።

አብዮቱ መጣና ማቅለጫ ቤቱ ተወረሰ። ብረት የሚያቀልጥ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ጋሽ ነዚፍ በገዛ ቤታቸው ደመወዝተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራ አስኪያጅ ተብሎ የተመደበው ጓድ ታፈሰ የሚባል ሰው ነበር። ቀድሞ ምን ይሠራ እንደነበር አላውቅም፤ ብረት እንዳልነበረ ግን እምላለሁ። ልጃቸው ሊሆን በሚችል ዕድሜ ላይ ሆኖ «አንተ» ይላቸው ነበር። አምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያቺ «አንተ» እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል? ትናንት ወንዝ ዳር ቂጣቸውን ሲጎርስ የነበረ ሁሉ እየተነሳ «በዝባዥ» ይላቸዋል። እሳቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው በጥፍራቸው ሥር የገባውን ጥቁር አሸዋ በስንጥር ያወጣሉ። ስብሰባው ሲያልቅ ተነስተው ወደ እሳታቸው ይሄዳሉ።

አንድ ነሐሴ ላይ፣ ለአብዮቱ በዓል የሚታይ ፓምፕ ተዘጋጅቶ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ጓድ ታፈሰ ዞር ዞር ብሎ አየውና ጣቱን ሰሌዳው ላይ አሳረፈ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ስሜ ነው» አሉ ጋሽ ነዚፍ።

«በሕዝብ ንብረት ላይ የበዝባዥ ስም? ይፋቅ!»

«ስሙን ፋቁት። ሰሌዳውን ግን አትንኩት።»

«ለምን ተብሎ?»

«ብረቱ እዚያ ጋ መወፈር አለበት። የውስጡ አሸዋ ይንሳፈፋል።»

ጓድ ታፈሰ ወደ ሠራተኛው ዞረና «አሸዋ ሲንሳፈፍ ያየ አለ?» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ አልዋሽም። «ባዶ ሰሌዳ ከቀረ ሰው ሁሉ የማን ስም ነበረበት ብሎ ይጠይቃል። ከነሰሌዳው ይነሳ!» አለ ጓድ ታፈሰ።

ጋሽ ነዚፍ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የሚጠሩኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ዋላሂ ለስሜ ብዬ አይደለም።»

አላመንኳቸውም። ሽማግሌው ስማቸውን መልቀቅ አቅቷቸው ሰበብ የሚፈጥሩ መሰለኝና አዘንኩላቸው። በሰው ላይ ከሚሠራ በደል ሁሉ እንዲህ ዓይነቱ ሐዘኔታ ሳይብስ አይቀርም። ስለ መላጊያዬ ስለት ቢነግሩኝ አምናቸው ነበር። ስለ ብረት የነገሩኝን ግን ጠጋ ብዬ እንኳ «እንዴት?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ሥራው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ፈጀ። ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ አስሬ መላጊያውን ጀመርኩ። አባቴ የቀረጻቸው ፊደሎች እየተጠቀለሉ መሬት ላይ ወረዱ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ቫርኒሽ ቀባሁት። እጄን ሳሳርፍበት እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ። ደስ አለኝ። ይህንንም የምጽፈው ስለሚያሳፍረኝ ነው።

አዲሶቹ ፓምፖች ለበዓሉ በቀይ ቀለም ተቀብተው ታዩ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ከዚያ እሸት ቡና ወደሚታጠብባቸው ጣቢያዎች ተላኩ። ወንዝ ዳር ተተክለው አልተሞከሩም፤ ያ የጥንቱ የበዝባዥ ልማድ ነው ተብሎ ቀርቷል።

ጥቅምት ገባ። ቡናው እንደዚያ ዓመት ቀልቶ አያውቅም። ገበሬው የለቀመው እሸት በዚያው ቀን ካልተፈለፈለና ካልታጠበ ክምሩ ውስጡ ይግላል፣ ይበላሻል። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃውን ከወንዝ የሚያወጣው ፓምፑ ነው። ከአጋሮ ወዲያ ያለ አንድ ጣቢያ ፓምፑ ተሰነጠቀ የሚል ወሬ መጣ። በሳምንቱ ሁለተኛው። ከዚያ ሦስተኛው። ሦስተኛው በተሰማ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ላንድሮቨር ግቢያችን ገብቶ ጋሽ ነዚፍን ጭኖ ሄደ። ወንጀሉ አሻጥር ነው ተባለ። የሥራ ሽርጣቸውን ላውልቅ ቢሉ እንኳ አልተፈቀደላቸውም። ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል፤ በአሻጥር የተወሰደ ሰው ሚስቱ ስንቅ ይዛ ሄዳ «ከእንግዲህ አታምጪ» ልትባል ትችላለች።

እኔ አዲስ ሞዴል እንድሠራ፣ ስንጥቁን ለክተሽ ነይ ተብዬ በጭነት መኪና ወደ አጋሮ ተላክሁ። መንገዱ ላይ ብርቱካን የሚሸጡ ልጆች፣ በዛፍ ጥላ ሥር የቀላ ቡና፣ ቅርጫት የተሸከሙ ሴቶች። በሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔ አይጠግብም ነበር። ከጣቢያው ገና ሳንደርስ ሽታው ተቀበለን፤ የበሰበሰ ፍሬና የኮመጠጠ ጠላ የተቀላቀለበት ሽታ። ክምሩ አጠገብ አንዲት ሴት እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። የዓመት ልፋቷ ከፊቷ እየጠቆረ ነው። ማንነቴን አታውቅም። «ይህን የሠራው ማነው? እጁ ይቆረጥ!» አለች። እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩ።

የጣቢያው መካኒክ አባ ዲጋ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። «ኮቱ፣ ነይ እዪ» ብለው ወደ ወንዙ ወሰዱኝ። የተሰነጠቀው ቀይ ፓምፕ ሣር ላይ ወድቋል። ከአጠገቡ አንድ አሮጌ ፓምፕ እየተንኮሻኮሸ ይሠራል፤ አቅሙ ግን ለዚያ ሁሉ ቡና አይበቃም።

«ይሄኛው ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ አለ» አሉኝ። «አዲሱን ዱአ ሳይጽፉበት ላኩት። በምን ይቆይ?»

«የምን ዱአ?»

«ይሄ ጽሑፍ ነዋ!» ጣታቸውን በጋሽ ነዚፍ ስም ላይ አሳረፉ። ማንበብ አይችሉም። ያን ሁሉ ዓመት የሠሪውን ስም ጸሎት ነው ብለው ሲዳስሱት ኖረዋል።

«አባ ዲጋ፣ ይህ ስም ነው» አልኳቸውና የተሰበረው ፓምፕ አጠገብ ተንበረከክሁ። ጣቴን በስንጥቁ አስገባሁ። ከታች በኩል ብረቱ እንደ አውራ ጣቴ ወፍሯል። ከላይ በኩል፣ እኔ በላግኩበት፣ እንደ ሳንቲም ስስ ነው። ስንጥቁም የሄደው ልክ መላጊያዬ የሄደበትን ተከትሎ ነው።

ያኔ ገባኝ። የፓምፑ ሆድ ባዶ እንዲሆን ብረቱ ሳይፈስ በፊት መሐል ላይ የደረቀ የአሸዋ ድፍን ይቀመጣል። የቀለጠ ብረት ደግሞ ከአሸዋ ይከብዳል። ስለዚህ ውሃ ቡሽን እንደሚያነሳ ብረቱ አሸዋውን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ የላይኛው ግድግዳ ይሳሳል፣ የታችኛው ይወፍራል። ጋሽ ነዚፍ ይህን ማስቀረት ስላልቻሉ ከላይ በኩል ሰሌዳ ጨመሩበት። ሰሌዳ ካለ አይቀር ብለው ስማቸውን ጻፉበት። በቃ። ለስማቸው አልነበረም። አሸዋ ይንሳፈፋል! መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አባ ዲጋ ደንግጠው ውሃ በጣሳ አመጡልኝ።

የተሰበረውን ፓምፕ አስጭኜ ጅማ ገባሁ። ሰኞ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። «ጋሽ ነዚፍ አሻጥር አልሠሩም። ሰሌዳውን አትንኩ ብለዋል፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል። የላግኩት እኔ ነኝ፤ ያዘዘኝም ሥራ አስኪያጁ ነው» አልኩ። ያ ሁሉ የሳቀ ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ጓድ ታፈሰ ቢሮው አስጠራኝ። «አብዮቱ ፓምፕ ሰበረ ነው የምትይው?» አለኝ።

«ይንኩት» ብዬ የተሰበረውን ብረት ጠረጴዛው ላይ አደረግሁለት።

ጣቱን ከላይኛው ጠርዝ ወደ ታችኛው አዞረ። ፊቱ ተለዋወጠ። ደደብ አልነበረም፤ ወዲያው ገባው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ባይገባው ኖሮ ይቅር እለው ነበር። ገብቶት ግን ወረቀት አወጣና ጸሐፊዋን ጠራ። የተጻፈው አጭር ነበር፤ የመሰንጠቅ ችግሩ በቴክኒክ ኮሚቴው ጥናት ተደርሶበት ተፈትቷል ይላል። የጋሽ ነዚፍ ስም የለም። የሰጠው ትእዛዝም የለም።

«ፈርሚ።»

«ሰውዬው ይወጣሉ?»

«ችግሩ በጥናት ከተፈታ አሻጥር አልነበረም ማለት ነው። ካልፈረምሽ ግን አሻጥረኛ መፈለጋችንን እንቀጥላለን።»

ፈረምኩ። ሰሌዳውን በዚያው ውፍረት ሠርቼ ሞዴሉ ላይ መለስኩት። በጋሽ ነዚፍ ስም ቦታ «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚል እንድቀርጽ ታዘዝኩ፤ ቀረጽኩ። ከዚያ ወዲህ የተሰነጠቀ ፓምፕ የለም።

ጋሽ ነዚፍ የተፈቱት ጥር ላይ ነው። ማቅለጫ ቤቱን ዳግመኛ አልረገጡም። ጅሬን ወጥቼ ጠየቅኳቸው። ግቢያቸው ውስጥ በፀሐይ ተቀምጠው ነበር፤ ከስተው አንገታቸው በሸሚዛቸው አንገትጌ ውስጥ ጠፍቷል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መላጌን፣ አጋሮን፣ ወረቀቱን።

«ሰሌዳውን መለስሽው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ውፍረቱስ?»

«አንድ ጣት፣ እንደ ድሮው።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ምን እንደተጻፈበት አልጠየቁኝም። በእሳቸውም ተናደድኩ። «ጋሽ ነዚፍ፣ እርስዎ ምናለ ቢቆጡ? ቤትዎን ወሰዱ፣ ስምዎን ወሰዱ፣ አሰሩዎት!» ብዬ ጮህኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ እነሱማ ብረት አያውቁም። አንቺ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉኝ። ወዲያውም እሳቸው ራሳቸው ቀጠሉ። «ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። እሳቱ ጋ አትቅረቢ ያልንሽ እኛ ነን። ቆመሽ ብታይ ኖሮ አሸዋው ሲነሳ በዓይንሽ ታዪው ነበር።» ከዚያ የቤተሰቤን ጤና ጠየቁኝ። ደርግ ሳይወድቅ ሞቱ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ያየሁት እያደር ሲደፈርስ ነው። መጽሔቱን ባነበብኩ ማግስት፣ ይዤው በባጃጅ ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። የሕዝብ ግንኙነቱ ልጅ ትሑት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ። ስጨርስ ተነስቶ ከመዝገብ ቤት አንድ ፋይል አመጣ።

«እማማ፣ እኛ ዝም ብለን አልጻፍንም። ማስረጃ አለን» ብሎ ቢጫ የሆነ ወረቀት ገለጠልኝ። «ይህ ፊርማ የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

አየሁት። ከነጥምዝምዙ የእኔው ነው።

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ የቱን እንመን? ያኔ የፈረሙትን ወይስ ዛሬ የሚሉትን?»

ክፋት አልነበረውም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ። ያኔ ፊርማዬን የሰጠሁት ለአንድ ሰው ነፍስ ነው፤ ነፍሱንም አስለቅቄበታለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እፈርማለሁ። ግን የፈረምኩበት ውሸት ከጓድ ታፈሰም፣ ከደርግም፣ ከጋሽ ነዚፍም በላይ ዕድሜ አግኝቶ፣ ባለቀለም ገጽ ላይ ታትሞ፣ ከኮፍያ ጋር ቤቴ ድረስ ይላክልኛል ብዬ በምን ልወቅ? እውነቱን የሚመሰክር አንድ ወረቀት እንኳ የለም። የነበረው ማስረጃ መላጊያዬ ሥር መሬት ላይ ወርዶ ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ተጠርጓል።

«እስክሪብቶ ስጠኝ፤ ከሥሩ ልጻፍበት» አልኩት።

«ይቅርታ እማማ፣ በሰነድ ላይ መጻፍ ክልክል ነው» አለኝና ወረቀቱን በጥንቃቄ ወደ ፋይሉ መለሰው።

ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። የጅማን ፓምፕ የሠራው ነዚፍ አባ መጫ ነው። ስሙን የላግኩት እኔ ነኝ።